ልብሱን ገልጣችሁ እዩት፦ የልጅ ድንገተኛ ሕመም ምልክቶችና ሐኪም ቤት እስኪደረስ የሚደረገው

በአዲስ አበባ መሃል ባሉ ሆስፒታሎች የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ ከወላጅ አፍ መጀመሪያ የምንሰማው ስለ ትኩሳት ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አደረ» ይሉናል። ትኩሳት ችላ የሚባል ምልክት አይደለም፤ ግን ልጅን በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ የሚገድለው የትኩሳቱ ቁጥር አይደለም። የሚገድለው የአየር መግቢያ መዘጋት፣ የሳንባ መድከም፣ ደም ለአንጎልና ለኩላሊት በበቂ ሁኔታ አለመድረስ፣ የደም ስኳር መውረድ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ቴርሞሜትር አያሳይም። 39 ዲግሪ አተኩሶት የሚጫወት ልጅ አለ። 36 ዲግሪ ሆኖ እጁ የቀዘቀዘ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ጡት አልይዝ ያለ ሕፃንም አለ። እኛን የሚያስሮጠን ይኼኛው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጠቅለል ሳይሆን መግለጥ ነው። በተለይ በክረምት ልጆች የሚመጡልን ሹራብ በሹራብ ላይ ተደርቦላቸው፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ተጠቅልለው ነው። ብርድ እንዳይመታው መስጋት የእናት ወግ ነው፤ ግን በዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ደረቱ እየተሰረጎደ ሰዓታት ያልፋሉ፣ ማንም ሳያይ። መስኮቱን ዝጉ፣ ልብሱን እስከ አንገቱ ግለጡ፣ ለ1 ደቂቃ ሙሉ ደረቱንና ሆዱን ብቻ ተመልከቱ። መብራት ከጠፋ የስልካችሁን ባትሪ ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን በጎድን አጥንቶቹ መካከል የሚገባውን ሥጋ በጥላ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ትንፋሹን የምትቆጥሩት ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ እናቱ ጭን ላይ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ እያለ ነው። ሆዱ አንዴ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ይባላል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ ሕፃን ትንሽ ፈጥኖ ትንሽ ያርፋልና ውጤቱ ያሳስታል። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። 2 ወር ያልሞላው ላይ 60 ካገኛችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁጠሩ። ፈጣን ትንፋሽ ብቻውን በዕለቱ ሐኪም ማየት ያለበት ነው። ከፍጥነቱ ሌላ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ከተርገበገቡ፣ በየትንፋሹ ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ፣ አየር ባስወጣ ቁጥር የሚያቃስት ከሆነ ግን የምትሄዱት አሁን ነው፤ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ተረጋግቶ ተቀምጦም አየር ሲስብ ከጉሮሮው ሻካራ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ የላይኛው የአየር መንገድ ጠብቧል ማለት ነው። የዚህን ልጅ ጉሮሮ በማንኪያ ተጭናችሁ ለማየት አትሞክሩ፤ ማስለቀሱ ብቻውን የቀረችውን ቀዳዳ ሊዘጋት ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። ሌሊቱን ሲያለከልክ የነበረ ልጅ ወደ ንጋት ላይ ትንፋሹ ዝግ ይልና ይተኛል። «ተመስገን፣ አረፈ» ይባላል። ልጁ በእርግጥ ከተሻለው ሲነቃ ያያችኋል፣ ይጠባል፣ ይጠጣል። ትንፋሹ ዝግ ብሎ ለመንቃት እንቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ጡንቻው ደክሞ ማለከለኩን መቀጠል አቅቶታል ማለት ነው። ከሁሉም አጣዳፊ የሆነው ይህ ሰዓት ነው። የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ቆዳ ላይ ጣት አይተን አንፈርድም፤ ምላሱንና የከንፈሩን ውስጥ እዩ። ደም ማነስን ደግሞ መዳፉ ላይና የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ ፈልጉ።

በኮቪድ ጊዜ የተገዛች የጣት ኦክስጅን መለኪያ ያላችሁ ቤቶች፣ መሣሪያዋ ለአዋቂ ጣት የተሠራች ናት፤ በሕፃን ጣት ላይ የምታወጣው ቁጥር አይታመንም። በትልቅ ልጅ ላይ፣ እጁ ሞቆና ሳይንቀሳቀስ፣ ከ90 በታች ካሳየች ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ከተማችን 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጤነኛ ልጅ ላይ 94 ወይም 95 ማየት አያስደነግጥም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ደረቱ ከተሰረጎደ ግን ደረቱን እመኑ።

እንዲህ የሚተነፍስን ልጅ በግድ አታስተኙት፤ ቀና አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙት። ወተት፣ ሽሮፕ ወይም ጦስኝ አታጠጡት። ጉሮሮው እንዲለሰልስ ተብሎ በአፍ ወይም በአፍንጫ የሚጋት ቅቤና ዘይት ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ እዚያም በቀላሉ የማይድን የሳንባ ምች ያስከትላል።

ቀጥሎ የምታዩት የደም ዝውውሩን ነው። እጁንና እግሩን ዳብሱ። በአዲስ አበባ ጠዋት የሁሉም ልጅ ጣት ስለሚቀዘቅዝ ክንዱን ወደ ላይ እየነካችሁ ሂዱ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ከዘለቀ ወይም ሆዱ እየነደደ እጅና እግሩ በረዶ ከሆነ ደሙ ዳር ዳሩን ትቶታል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ወይም የደረቱን መሃል ለ3 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። የነጣው ቦታ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀና የደም ትርታው ፈጣንና ደካማ ከሆነ ልጁ ሾክ ውስጥ ነው፤ ደሙ ለአካሉ በበቂ ሁኔታ አይደርስም ማለት ነው።

ተቅማጥና ትውከት ያለበት ልጅ ላይ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ለመመለስ 2 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከእነዚህ ሁለቱ መኖራቸው ከባድ የፈሳሽ እጥረት ነው፤ የደም ሥር ፈሳሽ ይፈልጋል። በጣም የከሳ ልጅ ቆዳው ድሮም ቶሎ ስለማይመለስ ይህ ምልክት አይሠራበትም። ሁለት እግሩ ላይ እብጠት ያለበትም ልጅ እንደዚሁ፤ ለእነዚህ የፈሳሹም መጠን ስለሚለይ ሐኪም ይወስን።

የሚጠጣ ልጅ ላይ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ የሚበላሸው አበጣጠሩ ነው። በእኛ ከተማ የተለመደው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ለማረጋገጥ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ካላችሁ ልኩ እሱ ነው። ግማሹን ፓኬት በግምት በብርጭቆ መበጥበጥ ጨዉን ያበዛዋል፤ ያ ደግሞ ለአንጎል አደገኛ ነው። ስኳር አትጨምሩበት፣ አታፍሉት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉት። 2 ዓመት ላልሞላው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ ለሚበልጠው ከ100 እስከ 200 ስጡ። ካስታወከው 10 ደቂቃ ጠብቁና በሻይ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር እያላችሁ ቀጥሉ። የሚያስታውከው አብዛኛውን ጊዜ በጥማት አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጨልጥ ነው። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር ጀምሮ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ተቅማጡ በ2ኛው ቀን ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይሰጣል።

ልጅ ሲያንዘፈዝፈው ቤቱ በጩኸት ይሞላል፣ ጎረቤት ክብሪት ለኩሶ ያሸትታል፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መካከል ሊያስገባ ይታገላል። ክብሪቱ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ጭሱ ግን የታወከውን ትንፋሽ ይብስ ያውካል። ማንኪያው ጥርስ ይሰብርና የተሰበረው ጥርስ ወደ ሳንባ ይገባል። ልጁን መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ አካባቢ ያለውን አላሉ፣ ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ አፉን ወደ መሬት አዘንብሉት፣ ሰዓት ያዙ። ውኃም ሆነ ጠበል የሚሰጠው ሙሉ በሙሉ ከነቃ በኋላ ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ በራሱ የመቆሙ ዕድል እየቀነሰ ስለሚሄድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በዚያው በጎኑ እንደተኛ ይዛችሁት ውጡ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ትኩሳት የሚያመጣው አጭር ማንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው ያልፋል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ማንዘፍዘፍ ሁሌም በሐኪም ይታያል። በኋላ አልነቃ ካለ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ ማጅራት ገትር ይፈራል።

ላንቀላፋና ለማይነቃ ልጅ ሁሉ፣ በተለይ ሲያስታውከው ላደረና ምግብ ላልያዘ፣ የደም ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ አስቡ። መንገድ ላይ እያላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሁለት ጠብታ ውኃ አርጥባችሁ ምላሱ ሥር አድርጉ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። ራሱን በሳተ ልጅ አፍ ውስጥ የስኳር ውኃ ማፍሰስ ማነቅ ነው።

ስለ ትኩሳት መድኃኒት ጥቂት ብቻ። ፓራሲታሞል በኪሎ እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ 5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊ ግራም ከያዘ ሽሮፕ 6 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጉበት የሚጎዳው እናት ሽሮፑን ስትሰጥ አያት በፊንጢጣ የሚገባውን ሲጨምሩበት ነው፤ ሁለቱም ያው መድኃኒት ነው። ልጁ በቅርቡ ከአዳማ፣ ከመተሐራ ወይም ከአርባ ምንጭ ከመጣ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ወባን ሐኪሙ ቀድሞ ላያስበው ይችላል።

2 ወር ላልሞላው ሕፃን ሕጉ ሌላ ነው። ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ጡት ካቆመ፣ ካልነካችሁት በቀር ካልተንቀሳቀሰ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ለመውሰድ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። ፋርማሲ ጠይቆ ጠብታ መግዛት ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ከተደረገበት ደብቃችሁ አትምጡ፤ ደም እየፈሰሰው ወይም ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውን ይለውጠዋል።

ትን ሲለው መጀመሪያ ይሳል። የሚያስል፣ የሚያለቅስ፣ የሚናገር ልጅ አየር አለው፤ ጀርባውን አትምቱት፣ በጣትም አትፈልጉ። ድምፁ ጠፍቶ ፊቱ ሲጠቁር ነው ሥራው የሚጀመረው። ከ1 ዓመት በታች የሆነውን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርጋችሁ፣ አገጩን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ ግርጌ 5 ጊዜ በኃይል ምቱ። ካልወጣ ገልብጡትና በጡቶቹ መካከል ካለው መስመር ትንሽ ዝቅ ብላችሁ የደረት አጥንቱን በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነው ከ5ቱ የጀርባ ምት በኋላ ከኋላው ተንበርክካችሁ፣ እምብርቱና የደረት አጥንቱ ጫፍ መካከል ጡጫችሁን አድርጋችሁ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ አፈራርቁ። ሕፃንን ሆዱን መጫን ጉበቱን ይጎዳል። በዓይናችሁ ያላያችሁትን ነገር በጣት መፈለግ ደግሞ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይወትፈዋል።

ራሱን ከሳተና ካልተነፈሰ ጠንካራ ቦታ ላይ አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ለሕፃን አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍኑ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ ንፉ። ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። የምትጫኑት የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ነው፤ ለሕፃን 4፣ ለትልቁ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። አብዛኛው ሰው ልጁን እንዳይጎዳው ፈርቶ እየዳበሰ ይጫናል፤ እንደዚያ ደም አይንቀሳቀስም።

ቆሎና ኦቾሎኒ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ በተለይ እየሮጠና እየሳቀ። ትን ብሎት የተሻለው መስሎ ለሳምንታት የሚያስል፣ በአንድ ጎን ሲር ሲር የሚል ልጅ ቆሎው ሳንባው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሪሞትና ከመጫወቻ የምትወጣ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ደግሞ ከሳንቲም አትቆጠርም፤ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ትጀምራለች። 1 ዓመት ለሞላውና ለሚውጥ ልጅ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ማር እስከ 6 ጊዜ ስጡ። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ ባትሪውን አያወጣም፤ ለማሩ ብላችሁ አትዘግዩ።

ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀመጥበት ቤት ልጁ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። አታስታውኩት፣ ወተትም አትስጡት። ጋዙ የሚገድለው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን በትውከት ወደ ሳንባ ሲሄድ ነው። በረኪና የጠጣውንም አታስታውኩት፤ ሲወጣ እንደገና ያቃጥላል። የተባይ ማጥፊያ የነካው ልጅ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙና እጠቡት። የነፍሰ ጡር የብረት እንክብል ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ይወዱታል። ካስታወከው በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት የዳነ መስሎ ሊጫወት ይችላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው። የዋጠውን ነገር ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። ማንም ሳይጠረጥር ሁሉም በእንቅልፍ ይወሰዳል። ልጅ ከአዋቂ ፈጥኖ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይመረዛል። ራስ ምታትና ትውከት ቤተሰቡን በአንድ ሌሊት ከያዘ ምግብን አትጠርጥሩ፤ በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም አውጡ። የኦክስጅን መለኪያዋ እዚህ ላይ ትዋሻለች፤ ልጁ ራሱን ስቶ 98 ታሳያለች፣ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አትለየውምና። «ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩን።

የተቃጠለ ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ በረዶ ግን አይደለም። በፈረቃ ምክንያት ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ በቀስታ አፍስሱ። እስከ 3 ሰዓት ቢዘገይም ይጠቅማል። የረጠበ ልብሱን አውልቁ፣ የተጣበቀውን ተዉት፣ የቀረውን ሰውነቱን ሸፍኑት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥና ቅቤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ፤ እኛም ጋ ሲደርስ እሱን ለማንሳት ልጁ ድጋሚ ይሠቃያል። የልጁ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን 1 በመቶ ይሆናል፤ 10 መዳፍ ያህል ከተቃጠለ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መጋጠሚያና ብልት ከተነካ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው።

መንገዱን አስቀድማችሁ ወስኑ። ቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና አደጋ 939 ነው። የቤት ቁጥር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የታወቀ ፋርማሲ ንገሩ፤ አንድ ሰው ማዞሪያው ላይ ወጥቶ ይቁም። መኪና ደጃችሁ ካለ አምቡላንስ አትጠብቁ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከሜክሲኮ ወደ ጥቁር አንበሳ ያለው መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ትንፋሹ ለከፋ ወይም ላላቆመ ማንዘፍዘፍ ቅርብ ያለው ኦክስጅን ያለው ጤና ጣቢያ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሰጥተው ሪፈር ይጽፉላችኋል። የምትይዙት ሰው ሁለት ይሁን፦ አንዱ ካርድ ክፍል ይሂድ፣ ሌላው ልጁን እንደታቀፈ በቀጥታ ትሪያጅ፣ ማለትም የሕመሙ አጣዳፊነት ወደሚለይበት ቦታ። ሰልፍ ካለ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። «ልጁ መተንፈስ አቅቶታል»፣ «አሁን እያንዘፈዘፈው ነው»፣ «አይነቃም»፤ ከእነዚህ አንዱን ጮክ ብላችሁ በሉ። ታሪኩን ከትኩሳቱ አትጀምሩ። መቼ እንደጠባ፣ መቼ ሽንት እንደሸና፣ ምን መድኃኒት ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰደ ቀጥሎ ይነገራል።

ክፍሉ ውስጥ ብዙ ወላጅ የሚያስደነግጠው በጉልበቱ ሥር የቅልጥም አጥንት ላይ የሚገባው መርፌ ነው። ደም ሥሩ ጠፍቶ ሲሆን የሚደረግ ነው፤ የአጥንቱ መቅኔ ፈሳሹንና መድኃኒቱን ልክ እንደ ደም ሥር ይወስዳል፣ ደም ሥር ሲገኝ ይነቀላል። «ግሉኮስ ለምን ቶሎ አይንጠለጠልለትም?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ 3141 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አተኩሷቸው ደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ልጆች ፈሳሽ በፍጥነት መልቀቅ ሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። የተቅማጥ ልጆች በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ለእነሱ ፈሳሹ መድኃኒት ነው። ለዚህ ነው አንዱን ልጅ በፍጥነት፣ አጠገቡ ያለውን በጠብታ የምንሰጠው። ጠብታው ዘገየ ብላችሁ መቆጣጠሪያውን አታላሉት፣ ነርሷን ጥሩ። የአፍንጫ ኦክስጅኑንም ለማጥባት ብላችሁ አትንቀሉት፤ ትንፋሹ ከተረጋጋና ጡት እንዲሰጠው ከተፈቀደ እላዩ ላይ እንዳለ ይጠባል። ከአፍንጫው ከወጣ ግን ተኝቷል ብላችሁ ሳትዘገዩ ወዲያው ንገሩን።